የሆፌሽ ንባብ አያቶችንም ይጨምር

ጁን ሲጋመስ ልጆች ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በሆፌሽ ሃጋዶል የሚነበቡ መጻሕፍት ስም ተዘርዝሮበታል። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ካይታናው አለ፣ ባሕሩ አለ፣ ስልኩ አለ። ኦገስት መጨረሻ ላይ እናት «አነበብክ ወይ?» ስትል ልጁ «ኬን፣ ኬን» ይላታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

እናቶቼና አባቶቼ፣ ይህን ወረቀት ሳታዩት አትቀሩም። እናንተን የሚመለከት ነገር እንዳለበት ግን ማንም ነግሯችሁ አያውቅም። የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው፣ መጻሕፍቱ የልጆች ናቸው፣ ጉዳዩም የትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ አያት በአንድ በኩል ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ የልጅ ልጅ በሌላ በኩል ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። ዘንድሮ ይህ ይቀየር ባይ ነኝ። የሆፌሹ የንባብ ዕቅድ ለቤቱ ሁሉ ይውጣ፤ አያትም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይግቡበት።

ጊዜው አጭር አይደለም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ጁን 20፣ የአንደኛ ደረጃና የጋን ልጆች ደግሞ ጁን 30 ይዘጋላቸዋል፤ ትምህርት የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ነው። ጁላይና ኦገስት ብቻቸውን 62 ቀን ናቸው። እናንተ ባደጋችሁበት አገር ይህ ወቅት ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደርም ሆነ ትግራይ ዝናብ ነው፤ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ ሰው ከአረም ሲመለስ ቶሎ ቤቱ ይገባል። ተረት በደንብ የሚወራው ያኔ፣ እሳት ዳር ነበር ሲሉ አያቴን ሰምቻቸዋለሁ። እዚህ ደግሞ ሰውን ቤት የሚከተው ሐሩሩ ነው። በእሳቱ ቦታ ማዝጋን ገባ እንጂ፣ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰቡ አልቀረም። ተሰብስቦ ምን ያደርጋል ነው ጥያቄው።

በበጋ ማንበብ ለአይሁድ እንግዳ ነገር አይደለም። በብዙ ምኩራቦች ከፋሲካ በኋላ በየሻባቱ ከፒርኬ አቮት አንድ ምዕራፍ ይነበባል። ስድስት ምዕራፍ ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ከአንድ ይጀመራል፣ እንዲህ እየተባለ ሮሽ ሃሻና ይደርሳል። ከዚህ የሚበልጥ የበጋ የንባብ ዕቅድ እኔ አላውቅም። በትሻ በአቭ ሌሊትም ኤኻ ይነበባል፤ በግዕዝ ሰቆቃወ ኤርምያስ የሚባለው። እነዚህ ሁሉ ድምፅ አውጥቶ የሚነበቡ ናቸው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል።

የእኛማ ወግ እንዲያውም በዚህ ላይ የቆመ ነው። ኦሪቱ በግዕዝ ተጽፏል፤ ግዕዝ የሚያውቁት ቄሶቹ ናቸው። ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ሕዝቡ እንዲገባው በቋንቋው ይተረጎማል። ሲግድ ላይ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ሲግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ ፖለቲከኞችም ይመጣሉ፣ ካሜራም ይበዛል፤ እኔ ግን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ በሄድኩ ቁጥር የማየው ሌላ ነገር ነው። ቄሱ ሲያነቡ አጠገባቸው የቆሙ ሽማግሌዎች የሚቀጥለውን ቃል ቀድመው ሲያንሾካሹኩት ይሰማል። አንዳንዶቹ በሕይወታቸው መጽሐፍ ገልጠው አያውቁ ይሆናል። መጽሐፉን ግን ያውቁታል። ታዲያ እነዚህን ሰዎች አንባቢ አይደሉም ልንል ነው?

ይህን የምለው «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ መጽሐፍ የተማረ ሰው ነገር ነው» የሚለውን መልስ በየቤቱ ስለምሰማ ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብዙዎቻችሁ በዚህ አገር ከመጽሐፍና ከደብተር ጋር የተገናኛችሁት ኡልፓን ውስጥ ነው። በ50 ዓመት ዕድሜ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ ጨብጦ፣ ልጅ በምትሆን መምህርት ፊት አሌፍ ቤት መቁጠር ቀላል አይደለም። እርሻ የመራ፣ ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ቃል ሲሳሳት ልጆቹ ይስቁበታል። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲባል ፈተና ቢመስላችሁ ምን ይገርማል።

ከኡልፓን በኋላ ደግሞ ወረቀት መጣ። ልብ ብላችሁ ከሆነ በቤታችን ልጅ ለአያቱ ማንበብ ያውቅበታል። ከኩፓት ሆሊም የመጣውን ቀጠሮ ያነባል፣ ከቢቱዋኽ ሌኡሚ የመጣውን ደብዳቤ ያነባል፣ የመብራቱን ሂሳብ ያነባል። በስምንት ዓመቱ አስተርጓሚ የሆነ ልጅ በየሠፈራችን ሞልቷል፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ማንበቡ አለ እንግዲህ። የሚነበበው ነው የተበላሸው። እኔ ለአያቴ ሳነብ ስንት ዓመት ሙሉ አንድም የሚያስቅ ነገር አንብቤላቸው አላውቅም ነበር።

ስለ ትንንሾቹ ብዙ አልልም፤ ቀላል ነው። ሲፍሪያት ፒጃማ የሚባለው ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ በጋን በኩል ለልጆች መጽሐፍ በነጻ ያድላል። ልጁ ይዞት ይመጣል፣ የራሱ ሆኖ ይቀራል። ቤታችን መጽሐፍ የለም የሚል ሰው አልጋ ሥርና የአሻንጉሊት ሳጥን ውስጥ ይፈልግ። ዕብራይስጡን ማንበብ አያስፈልግም፤ ሥዕሉን እያዩ በአማርኛ ማውራት ይበቃል። ልጁ ታሪኩን ከጋኔኔቷ ሰምቶታል። እርስዎ «ይቺ ፍየል ደግሞ ወዴት ነው የምትሄደው?» ሲሉት «ሎ፣ ሎ፣ እሷ ፍየል አይደለችም!» ብሎ ሊያርምዎት ይጣደፋል። ለማረም ግን የአማርኛ ቃል ያስፈልገዋል፤ ቃሉን ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚሰጠው የለም። መጽሐፉ ሲሰለቸው «ተረት ተረት» ይበሉት። «የላም በረት» ማለት ካልቻለ ዕቅዱን ከዚያ ይጀምሩ።

ከፍ ላሉት ልጆች፣ ለወጣቶችና ለአዋቂዎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይመረጥ እላለሁ። አሥር አይደለም፣ አንድ። እኔ ብጠየቅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው የምለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመ ልቦለድ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ስለነበሩት በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይተርካል። ከ500 ገጽ በላይ አለው። ያስፈራል? ለ62 ቀን ብታካፍሉት በቀን 8 ወይም 9 ገጽ ነው። በደንብ የሚያነብ ሰው ይህን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እንደ እኔ ፊደል ዘግይቶ የቆጠረ ግን ሰዓት ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ንባቡን ሁለት ሰው ይካፈለው፣ ወይም መጽሐፉ ለሁለት ሆፌሽ ይከፈል። መጽሐፉን ለመጨረስ የሚያሯሩጠን የለም።

የሚያነብ ሰው በቤቱ የሌለስ? ይህን መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ እንዳነበበው ከእናንተ መካከል የሚያስታውስ አይጠፋም። ድምፁ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። የልጅ ልጅዎ ስልኩን ከእጁ የማይለቅ ከሆነ፣ ስልኩ ለአንድ ቀን ይህን ይክፈት። አንድ ክፍል አብሮ ሰምቶ፣ አጥፍቶ፣ ማውራት ይቻላል። ማጥፋቱ ግን ይሰመርበት። ሬድዮው እየለፈለፈ ሁሉም ወደየጉዳዩ ከሄደማ ከቴሌቪዥኑ በምን ተሻለ?

ለምን ይህን መጽሐፍ እንደመረጥኩ ልንገራችሁ፤ ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው በጋ ጥቂት ምዕራፍ ለአያቴ አንብቤላቸዋለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት አሉ፤ ገበሬዎቹ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሱባቸዋል። እዚያ ቦታ ስደርስ አያቴ «ቆዪ እስቲ አንዴ» አሉኝ። ዝም አልኩ። አባታቸው የሰው መሬት ያርሱ ነበር። እህሉ ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲቆለል የባለ መሬቱ ሰው ይመጣና ቆሞ ያሰፍራል። ድርሻው ከወጣ በኋላ ደግሞ ለበዓላቸው ዶሮ፣ ማር ይባላል። እንቢ ያለ በሚቀጥለው ዓመት የሚያርሰው አያገኝም፤ ያውም «ፈላሻ» ከሆነ ማን ይሟገትለታል? በ1967 ዓ.ም. የደርግ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ አባታቸው ማታ ላይ እርሻው ዳር ሄደው ቆሙ አሉ። «ምንም አላለም። መሽቶ ነው የገባው።»

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሱዳን ሰምቻለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃ ጥሙ፣ በመንገድ ስለ ቀሩት ሰምቻለሁ። እዚህ አገር የተወለድን ልጆች ለትምህርት ቤት አቮዳት ሾራሺም ስንሠራ አያቶቻችንን የምንጠይቀው ጉዞውን ነው፤ ጋዜጠኛም ሲመጣ የሚጠይቀው ጉዞውን ነው። ጉዞው ይጠየቅ፣ መጠየቅ አለበት። ግን ሰው 30 ዓመት ኖሮ ነው ጉዞ የጀመረው። ያ 30 ዓመት ምን ሲያርስ፣ ምን ሲበላ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ሲስማማና ሲጣላ ኖረ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅምና። ጭሰኛ የሚለውን ቃል የማያውቅ ልጅ ስለ ጭሰኝነት እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? መጽሐፉ ግን ጠየቀልኝ።

አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን የአባቶቻችንን ርስት እንደነጠቁ ታሪክ ያወራል። ያንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። አውድማ ላይ ቆሞ የሚያሰፍረውን ሰውዬ ግን በአያቴ ቤት፣ ከልቦለድ ንባብ መሀል ነው ያገኘሁት። በ1984 በሱዳን በኩል ሲገቡ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበሩ ዛሬ 70ን አልፈዋል። የመሬት አዋጁን እንደ ትልቅ ሰው ሆነው ያዩት ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ስንት በጋ እንጠብቃለን?

አንድ አባት ይህን ሐሳብ ስነግራቸው «የቤተ ክርስቲያን ነገር የሞላበት መጽሐፍ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ በዛብህ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው፤ ቄስና ደብተራ በየገጹ አለ። እኔ የማየው መጽሐፉ የዚያን አገር ኑሮ ስለሚያሳይ ነው። አባቶቻችን ከነዚያ ሰዎች ጋር ገበያ ወጥተዋል፣ ማረሻ ሠርተው ሸጠውላቸዋል፣ ተሰድበውም ተከብረውም ኖረዋል። ጉዱ ካሳን የመሰለ፣ ሰው እንደ እብድ የሚቆጥረው እውነት ተናጋሪ፣ በእናንተም መንደር አንድ አይጠፋም ነበር። ቢሆንም ይህ የማይመቻቸው ሌላ ይምረጡ። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች እንኳ ለመጀመሪያ ሳምንት ይበቃሉ፤ አጫጭር ናቸው፣ አያቶች ያውቋቸዋል፣ አንባቢው ሲሳሳት ያርሙታል፣ ሳቅም ይገባበታል።

የራሳችንም መጽሐፍ አለ። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የቤተ እስራኤል መጽሐፍ በግዕዝ ነው፤ በውስጡ ሰንበት እንደ ሰው፣ እንደ ሴት ሆና ትገኛለች። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሜሪካ ውስጥ አሳትሞታል። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ያንን እንግሊዝኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። የቤቴን መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ! ግዕዝ የሚያውቁ ቄሶች በየከተማው እያሉ፣ በሆፌሹ አንድ ሻባት ከሰዓት በኋላ ቄሱን ጋብዞ ጥቂት አስነብቦ ማስተርጎም ከባድ ነው? ቡናው አስቀድሞ ከተዘጋጀ ሌላው ቀላል ነው። ደግሞ ሻባት ለመጽሐፍ የተሰጠ ቀን ነው፤ ሰንበት በሚያከብር ቤት ስልኩም ቴሌቪዥኑም ዝም ይላል።

አሁን ስለ ደብተሩ። ንባብ ብቻውን አይበቃም፤ የተባለው መጻፍ አለበት። አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይገዛና ቀኑ፣ የቆማችሁበት ገጽ፣ ያነበበው ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አያት የተናገሩት ይጻፍበታል። የእኔ ደብተር ላይ «ቁና እና ላዳን ለዩልኝ» የሚል አለ፤ ሁለቱም እህል መስፈሪያ ናቸው። ምን ያህል እንደሚይዙ አያቴ በእጃቸው አሳዩኝ፣ እኔም ሥዕል ሞከርኩ። ያልገባ ቃል ሲኖር ይጻፍ፤ አያትም ካላወቁት ለጎረቤት ይደወል። ያ ስልክ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የማይገናኙ ሁለት ሰዎች ያገናኛል። ልጁ በአማርኛ መጻፍ ካልቻለ በዕብራይስጥ ይጻፈው። ከምንም ይሻላል። አንዳንዱ ድምፅ መቅዳት ይበቃል ይላል። ቅዱ፤ ግን የተቀዳ ድምፅ ስልክ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ስልኩም በሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይታያል።

ደብተሩ የሚሞተው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ይህን በደንብ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይጽፋል። ከዚያ አንድ ሰርግ ይመጣል፣ ሰርጉ ደግሞ በርሼባ ነው፣ እዚያ ይታደራል። ቀጥሎ ዘመድ ይመጣል፣ ልጁ ቲዩል ይሄዳል። አሥር ቀን ይዘለላል። ከዚያ ያለፈውን ልሙላ ሲባል ይከብዳል፣ ይተዋል። መፍትሔው ያለፈውን አለመሙላት ነው። የተዘለለው ይዘለል፤ ከዛሬ ይቀጥል። ሁለተኛ፣ ደብተሩ ባለቤት ይኑረው። «ሁላችንም እንጽፋለን» ማለት ማንም አይጽፍም ማለት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ለዚህ ሥራ ከአዋቂ ይሻላል፤ ኃላፊነት ሲሰጠው ይኮራል። ቀን ይቆረጥለት። ሻባት ላይ የተነበበው በሻባት ስለማይጻፍ፣ ሃቭዳላ ካለቀ በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው፤ አያትም አሉ፣ ያሉትም ገና አልተረሳም።

ልጆቻችሁ፣ ማለትም ወላጆቻችን፣ አንድ ስጋት አላቸው። «ልጁ በዕብራይስጡ እንዳይዘገይ፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ዝርዝር ይጨርስ፣ አማርኛው ይቆየን» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። እነሱ ራሳቸው በቋንቋ ምክንያት ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ግን አማርኛው ከዕብራይስጡ ጊዜ አይቀማም። ልጁ የዕብራይስጥ መጽሐፉን ለአያቱ ድምፅ አውጥቶ ቢያነብና እያንዳንዱን ገጽ በአማርኛ ቢያስረዳ፣ ምን እንዳነበበ በደንብ ያልገባው ልጅ እዚያው ይጋለጣል። ያልገባንን ነገር ለሌላ ሰው መንገር አንችልማ። ከትምህርት ቤቱ የጥያቄ ወረቀት ይልቅ የአያት «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ያፋጥጠዋል።

ለወጣቶች በዚህ መንገድ የሚነበብ አንድ ልጠቁም። ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን በ2013 ያወጣችው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ አለ፤ «ኤኽ ኒህያ ሃኦላም ላቫን» ይባላል፣ «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» እንደማለት ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች እዚህ እንዴት እንዳደጉ በልጆቹ በኩል ያሳያል። ይህን መጽሐፍ በዕብራይስጥ ያነበቡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለእናቷ ወይም ለአያቷ በአማርኛ የተረከች ግን አንድም አላገኘሁም። እናንተ በኡልፓን ስትቀመጡ ልጆቻችሁ ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ምን ሲሰማቸው እንደነበረ ትሰማላችሁ። አንዳንዱ ቦታ ያማል። አንዳንዱ ቦታ «እኔ እንዲህ አላደረግኩም!» ያሰኛችሁ ይሆናል። ይባል፤ ደብተሩ ላይም ይጻፍ።

ፊደል የማይቆጥር ወጣት በየቤቱ ሞልቷል። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ጽሑፉን ግን እንደ ሥዕል ያየዋል። ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። 33 ረድፍ ነው፣ እያንዳንዱ በሰባት ድምፅ፤ 231 ሲባል ያስደነግጣል፣ ግን ቅርጹ ተመሳሳይ ስለሆነ በሁለት ቀን አንድ ረድፍ አይከብድም። ጁን 20 ለተዘጋለት ተማሪ ሆፌሹ ሳያልቅ ፊደሉ ያልቃል። ፊደል ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ፣ መምህሩ እሱ ይሁን። ኡልፓን ውስጥ የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ አሁን የልጅ ልጃችሁ ይቀመጥ፤ ሲሳሳት ግን አትሳቁበት።

ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ብቻ ማድረግ የማይመቸው አለ፤ ብቻውን የሚኖር አለ፣ ልጆቹ የራቁበት አለ። በማትናሱና በአረጋውያኑ ሞአዶን በየቀኑ የሚሰበሰቡ ብዙ ናቸው። ሼሩት ሌኡሚ የምትሠራ አንዲት አማርኛ አንባቢ ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን መጥታ ብታነብላቸው፣ ዶሚኖውና ቡናው አይቀርም፤ ንባቡ መሀል ይገባል። የሞአዶኑን ኃላፊ ጠይቁ። ጥያቄው ከእናንተ ሲመጣ ክብደት አለው፤ እኔ ብጠይቅ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ተብዬ እመለሳለሁ።

የመጨረሻው ስለ ሲፍሪያው፣ ስለ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ በዚህ አገር የወጣው በ1975 ነው፤ ቤታችን አጠገብ ያለው ሲፍሪያ የእኛም ነው ማለት ነው። የእኛ ሰዎች በብዛት ባሉበት አንድ ከተማ ሄጄ የአማርኛ መጻሕፍቱን አሳዩኝ አልኩ። ጥግ ላይ ያለች አንዲት ግማሽ መደርደሪያ ናት። ካርዶቹን ሳይ አንዳንዱ መጽሐፍ ለዓመታት አልወጣም። የቤተ መጻሕፍት ሥራ እንዲህ ነው፤ ቦታ ሲጠብ ማንም የማይዋሰው መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ አዲስ የሚገዛውም ሰው በሚጠይቀው ቋንቋ ነው። የአማርኛዋ ግማሽ መደርደሪያ ከወረደች ተመልሳ አትወጣም። ስለዚህ ማንበብ የማይችሉ እንኳ ቢሆኑ ካርድ ያውጡ፣ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ በስምዎ ይዋሱ፣ ቤት የሚያነብልዎት ያነብልዎታል። በሦስት ሳምንት መልሰው ሌላ ይውሰዱ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ የሚሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ዬሽ ላኼም ስፋሪም ባአምሃሪት?» የለም ካሉዎት «አዝሚኑ ሊ፣ ቤቫካሻ» ይበሉና ስምዎንና ስልክዎን አስጽፈው ይውጡ። በሳምንቱ ደግሞ ጎረቤትዎን ይላኳቸው።